ከበረዶው ሁለት ሳምንት በፊት

መስታወት ቆራጩን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በክፋት አይደለም፤ ሰውዬው አንድ መስኮት ለመግጠም ይለካል፣ ለክቶ ይጽፋል፣ ጽፎ ደግሞ ተመልሶ ይለካል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያች ጠባብ ሱቁ የወጣ መስታወት ጠበበ ወይም ሰፋ ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ የሚያነጥፈውን አሮጌ ብርድ ልብስ እንኳ ማታ ማታ አራግፎና አጥፎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። እንዲህ ያለ ሰው ሀብታም ካልሆነ ማን ሊሆን ነው ትሉ ይሆናል። እሱም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሀብታም የሆነው ግን ታናሽ ወንድሙ ነው። ሀብታም ስል ትንሽ ተርፎት የሚያድር ማለቴ አይደለም፤ የመስታወት ፋብሪካ ያለው፣ የከተማውን ፎቆች ግማሹን መስታወት ያለበሰ፣ ባንክ ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነስቶ በር ድረስ የሚቀበለው ሀብታም ነው።

ሚሊሜትር ይቀናል። ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌለት ነበር፣ አጣሁለት። ወንድሙ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ድምፁን ያጠፋዋል፤ ምስሉን ግን ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ቦርጩን በዓይኑ ይለካል፤ ካለፈው ወር ስንት ጣት እንደጨመረ ሳይጠየቅ ይናገራል። ጉንፋን ይዞት ሲያስል ካየ ደስ ይለዋል፣ ደስ ስላለው ያፍራል፣ በሳምንቱ ድኖ ሲያየው ደግሞ ይናደዳል። ከሁሉ በላይ አንጀቱን የሚያሳርረው ግን መኪናውም ፎቁም አይደለም። ወንድሙ መድረክ ባገኘ ቁጥር «እዚህ የደረስኩት በላቤ ነው» ማለቱ ነው።

«ላብ!» ይላል ሚሊሜትር ለሚስቱ። «እናታችን ፊቱ ላይ ውሃ ካልደፋችበት የማይነሳ ሰውዬ! እሱ ላብ የሚያውቀው እንቅልፍ ላይ ነው።»

ሚስቱ ትስቃለች። እሱ ግን አይስቅም። ወንድሙ «በላቤ» ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞር ብሎ «ታዲያ ታላቁ ምን ሲሠራ ነበር?» የሚል ይመስለዋል። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅ መክፈቱ፣ መስታወት በሚያጣብቅበት ስቱኮ የተሰነጣጠቀው ጣቱ፣ አንድም ቀን ያልሳተው ልኬቱ፣ ሁሉም በዚያች ቃል ስንፍና ተብሎ የተሰረዘ ይመስለዋል። የሚፈልገው ገንዘብ አይደለም። ወንድሙ በሰው ፊት «ዕድል ነው» እንዲልለት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ደግሞም ዕድል ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ሱቅ ነበራቸው፤ ታናሹም እንደ ታላቁ መስታወት ቆርጦ ይገጥም ነበር፣ ያውም እየሰበረ። አንድ ቀን ለጅምላ አከፋፋዩ የሚላከውን የትዕዛዝ ወረቀት ሲሞላ በአኃዝ 40 መስታወት ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶው መሀል ላይ አልጽፍ አለው። ቀለም እንዲመጣለት እዚያው ከቁጥሩ አጠገብ አንዲት ክብ አዞረ። ቀለሙ መጣ፣ ግድየለሹ የቀረውን ሞላ፣ ወረቀቱም ሄደ። በሳምንቱ አራት መቶ መስታወት የጫነ መኪና በሩ ላይ ቆመ። የተጫነ ዕቃ አይመለስም ተባለ። መስታወቱ ሱቁን ሞላ፣ መተላለፊያውን ሞላ፣ የተረፈው መኝታ ቤቱ ገባ፤ ሰውዬው አልጋው ጋ ለመድረስ በጎኑ ይሄድ ጀመር። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ።

ከዚያ በሁለት ሳምንቱ በረዶ ጣለ። እንቁላል የሚያህል በረዶ ግማሽ ሰዓት ያህል ወረደና ከትምህርት ቤቱ እስከ ሆስፒታሉ ጤነኛ መስኮት አልቀረም። ተከትሎት የመጣው ጎርፍ ደግሞ ድልድዩን ስለወሰደው ለአንድ ወር ያህል መኪና የሚባል ወደ ከተማው አልገባም። ሚሊሜትር ሱቅ የነበሩት አሥራ አምስት መስታወቶች እስከ ምሳ ሰዓት አለቁ። ከወንድሙ ገዝቶ መግጠም ይችል ነበር፤ ሞቼ ነው ቆሜ አለና ሱቁን ዘግቶ ድልድዩ እስኪጠገን ተቀመጠ። ታናሹ ግን በዚያ ወር ቀን ከሌት ሠራ፣ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ሠራ፣ በወሩ መጨረሻ ሌላ ሰው ሆነ።

ሚሊሜትር ታሪኩን ሲያወራ እንዲሁ ነው የሚያወራው፤ የእጁን ፋሻ ይተዋል እንጂ ሌላው ልክ ነው። አንዲት ነገር ግን ይዘላል። ያ መኪና መስታወቱን ባራገፈ ማግስት ታናሽ ወንድሙ ዓይኑ ቀልቶ ሱቁ መጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ግማሹን ውሰድልኝ። ስትሸጥ ትከፍለኛለህ» አለውና አለቀሰ። ሚሊሜትር ከሥራው ቀና አላለም። «ስህተትህን ራስህ ተሸከም። ትምህርት ይሁንህ» አለው። በረዶው ሳይጥል ነገሩ ለሚስት የሚነገር አልመሰለውም፤ ከጣለ በኋላ ደግሞ የማይነገር ሆነ። ሚስቱ እስከ ዛሬ አታውቅም።

የምታውቀው ባሏ የነገራትን ነው። ለአንድ ልብስ ሰፊ፣ ቤቷ ሆና፣ ጠርዝ እየቀመቀመች ዓይኗ ደክሟል። ከታናሹ ሚስት ጋር ድሮ አንዷ ያለ አንዷ ውሃ የማይጠጡ ጓደኛሞች ነበሩ። ባሏ «ባገኙት ዕድል የሚኩራሩ ሰዎች ናቸው» እያለ ነጋ ጠባ ሲነግራት ቀስ በቀስ እግሯን ሰበሰበች። ያቺ ስትወልድ አልሄደችም። ቀሚስ ሲላክላት መለሰችው።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሙያ ማሰልጠኛው ተማሪዎቹን ሲያስመርቅ የክብር እንግዳው ታናሹ ሆነ፤ ለታላቁና ለሚስቱም የጥሪ ካርድ መጣ። ሚስት አልሄድም አለች።

«ትሄጃለሽ!» አላት ሚሊሜትር ክራቫቱን እየታገለ። «ዛሬ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ያቺን ቃል ከአፉ ሳላወጣ አልመለስም። አንቺም በጆሮሽ ስሚ።»

ከፊት ረድፍ አስቀመጧቸው። ታናሹ መድረክ ላይ ወጣና እንደ ልማዱ ጀመረ፤ ማለዳ መነሳት፣ መታገስ፣ ላብ። ሦስት መቶ ተመራቂዎች አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ሚሊሜትር ጥርሱን ነክሶ ጫማውን እያየ ጠበቀ። ጥያቄ ያለው ሲባል ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣና ማይክራፎኑን ተቀበለ።

«እኔ ታላቅ ወንድሙ ነኝ» አለ። «የበረዶውን ነገር ለምንድነው የማትነግራቸው?»

ታናሹ የፊቱን ላብ ጠረገ።

«ይቅር ጋሼ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለምን ይቀራል? ፈራህ እንዴ?»

«ልንገራቸው?»

«ንገራቸው!»

«እውነት ሁሉንም ልንገራቸው?» ታናሹ ይህን ሲል ያየው ታላቁን አልነበረም፤ አጠገቡ የተቀመጠችውን የወንድሙን ሚስት ነበር። ሚሊሜትር ግን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቃት ቃል ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ሌላ ነገር የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው!» አለና ተቀመጠ።

ታናሹም ነገራቸው። እስክሪብቶውን፣ አራት መቶውን፣ በጎኑ እየሄደ ወደ አልጋው መግባቱን ነገራቸው፤ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «በረዶ ባይጥል ዛሬም ያንን መስታወት ተደግፌ ነበር የምተኛው። ዕድል ነው ልጆች። ወንድሜ ከእኔ አሥር እጥፍ ይሠራል፤ እኔን ያነሳኝ ዕድል ነው» አለ። ሚሊሜትር ወደ ሚስቱ ዞሮ «ሰማሽ?» አላት። ደረቱ ሞልቶ ነበር። ይህችን ታህል ጊዜ፣ ምናልባት አንድ ደቂቃ፣ በማንም አልቀናም።

«አንድ ነገር ግን አለ» ቀጠለ ታናሹ። «ያኔ ጨንቆኝ ግማሹን ውሰድልኝ ብዬ ጋሼን ለምኜው ነበር። አልቅሼ ለምኜዋለሁ። ስህተትህን ራስህ ተሸከም አለኝ፤ እውነቱን ነበር፣ ስህተቱ የእኔ ነው። እሺ ብሎኝ ቢሆን ግን ዛሬ እዚህ ሁለት ሆነን ነበር የምንቆመው። እስከ ዛሬ ላብ፣ ላብ የምለው ይህን ላለማንሳት ነው። ራሱ ጠየቀኝ።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» ይላል ከኋላ አንዱ። ሌላው ደግሞ አንገቱን አስግጎ ግማሹን አልፈልግም ያለውን ሰውዬ ይፈልጋል። ሚሊሜትር መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የፈለጋት ቃል ተብላለታለች፣ ያውም ከነምስክርነቱ፤ ሰው ሁሉ ግን ወንድሙን የበለጠ ወደደው።

ሚስቱ አላጨበጨበችም።

«ግማሹን ነው ያለው?» አለችው።

«ትምህርት እንዲሆነው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን ልንገርሽ? በረዶ እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?»

«እኔስ በምን አውቅ ነበር?» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለው ነበር። «ብትጠይቀኝ ግን ውሰድለት ነበር የምልህ። ለበረዶው ብዬ አይደለም። ወንድምህ ነው፣ እያለቀሰ ለመነህ።»

እሷ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አነሳች።

«በመስታወቱ አላዝንብህም» አለችው። «ድህነቱን ለምጄዋለሁ። ሰው ግን አስጠላኸኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ያላደረገችኝን ሴት አስጠላኸኝ።»

ተነስታ ሄደች። የታናሹ ሚስት ከመድረኩ አጠገብ ብቻዋን ቆማ ነበር። መጀመሪያ ሁለቱም እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ከዚያ ሚስቱ አንድ ነገር ተናገረች፤ ምን እንዳለች ሚሊሜትር አልሰማም። ያቺ ሀብታም ሴት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እንደ ድሮው፣ ሰው ምን ይለናል ሳይሉ፣ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ሚሊሜትር ሰው ወጥቶ ባለቀበት ረድፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አያቸው። ሚስቱ እሱን እንዲህ አድርጋ ያቀፈችው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ፤ አቃተው። የወንድሙ ሚስት አሁንም አልለቀቀቻትም። በእሷም ቀና።