ለተኙት ፕሮሰሰሮች የሰጠሁት ጥርስ

እህቴ ሉሲያና ላኬምባ ደሴት ላይ ሞተች። ቀብሯ እሑድ ነው፤ ከምኖርባት ከዋና ከተማችን ከሱቫ ወደዚያ የሚሄደው መርከብ ደግሞ አንድ ብቻ፣ ዓርብ ማምሻውን። የገና ሰሞን ስለሆነ የትኬት ቢሮው ደጃፍ በሰው ታጭቋል። መርከብ ከሰጠመብን ወዲህ ስሙ ትኬት ላይ ታትሞ ከማሽን ያልወጣ ሰው ወደቡን አያልፍም። ማሽኑ ደግሞ አንድ ስም ለማውጣት ያምጣል።

ልጄ ማካሪታ የምትሠራው እዚያው ማሽን ክፍል ነው። አስጠርቼ አፋጠጥኳት።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ ቆሻሻ?»

«ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ። ሰርቨሩ፣ ዋናው ኮምፒውተር፣ ውስጥ ስምንት ፕሮሰሰር አለ፣ ስምንት አንጎል በይው፤ አራቱ ብቻ ናቸው የሚሠሩት። የቀሩት ተቆልፈዋል። ሲያስፈልግ ቁጥር ገብቶ ይከፈታሉ፣ ማሽኑን ለሠራው ፋብሪካ በቀን ይከፈላል።»

«በገዛ ቤታችሁ ያለውን ዕቃ?»

«ውሉ እንደዚያ ነው።»

«ቁጥሩን አስገቢዋ ታዲያ!»

«ቁጥሩማ አለኝ። አለቃዬ ሳይፈቅድ ብነካው ያባርረኛል።»

አለቃዋ ኢኖኬ ይባላል። የእኛው ሰው ነው፣ ላኬምባ ያለችበት የላው ደሴቶች ልጅ። ለእህቴ ቀብር የያዝኩትን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ከቦርሳዬ አወጣሁ። በእኛ ወግ ትልቅ ልመና የሚለመነው በዚህ ጥርስ ነው፤ የሚያቀርበውም ወንድ ነው፤ ወንድ አጠገቤ አልነበረም። ራሴ ቢሮው ወለል ላይ ተቀምጬ በሁለት እጄ ዘረጋሁለት።

«ጌታዬ፣ እህቴን እንድቀብር እነዚያን የተኙትን ይቀስቅሱልኝ።»

አልቀበልም ማለት ይችል ነበር፤ እንዲያ ያለ ሰው አይወቀስም። እሱ ግን ተቀበለ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ሳመውና «ተቀብያለሁ፣ እናቴ» አለ። በእኛ ዘንድ ጥርስ የተቀበለ የተለመነውን ይፈጽማል፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ቃል አይጠየቅም። ወጥቼ ሰልፌን ያዝኩ።

ማሽኑ እንደዚያው ሲያምጥ ዋለ። ፀሐይ ስትጠልቅ መርከቡ ጮኸ። ግማሽ ወንበሩ ባዶ እንደሆነ፣ እኛ በር ላይ ቆመን እያየነው ሄደ።

ቅዳሜ ማካሪታ ከሥራ ስትመለስ ፊቷን አዞረችብኝ።

«ምንድን ነው?»

«ዛሬ የተቆለፉትን ከፈትናቸው። የሆቴሎቹ ጀልባ ትኬት ዘገየና ፈረንጆቹ ጮኹ። ኢኖኬ ራሱ ደውሎ ‹ክፈቺ› አለኝ።»

ሰኞ ሄድኩበት።

«አንተ! በምን አፍህ ነው ጥርሴን የሳምከው?»

«እናቴ፣ ዓርብ ዕለት ዋናው መሥሪያ ቤት አልፈቀደም…»

«ዋናው መሥሪያ ቤት ነው በሁለት እጁ የተቀበለኝ?»

«ከፈለጉ እመልስልዎታለሁ።»

እመልስልዎታለሁ! ከላው የተወለደ ሰው! የተቀበሉት ጥርስ እንደ ጠበበ ጫማ የሚመለስ መሰለው። ጥዬው ወጣሁ።

ማታ የእህቴ ልጅ ከደሴቱ ደወለ።

«አክስቴ፣ ‹የሟች የትውልድ ወገን ጥርስ ይዞ ይነሳ› ሲባል የተነሳ አልነበረም። እስክትመጪ ብለን አስከሬኑን ፀሐይ ላይ አቆየነው። ምን ሆነሽ ነው?»

ምን ልበለው? የእናትህን ጥርስ ለማሽን ሰጠሁት ልበለው?

«ታምሜ ነው» አልኩት። በሕይወቴ ታምሜ አላውቅም።