ያልሄደው ይቅርታ

በአሜሪካ፣ በዱሉት ከተማ አርቪድ የጎረቤቱን የሎርናን የአበባ ቁጥቋጦ በበረዶ መጥረጊያ መኪናው ጨፈለቀ። ሠላሳ ዓመት የዘለቀው ጉርብትናቸው እንዳይበላሽ ሰግቶ በዚያው ዕለት የይቅርታ ኢሜይል ጻፈላት። የኢንተርኔት አገልግሎቱ ግን ተቋርጦ ስለነበር መልእክቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይላክ ቆየ። በአራተኛው ቀን ሎርና በሩን አንኳኳች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቅርታ እንኳ አትጠይቅም?»

«ጠይቄሻለሁ። ኢሜይሉ ነው አልሄድ ያለው።»

«አፍ የለህም?»

«በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው» አለና ደብዳቤውን አትሞ ሰጣት።

ሎርና በረዶው ላይ እንደቆመች ሁለት ጊዜ አንብባው አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ደህና አድርገህ ጽፈሃል። መልሱን እልክልሃለሁ።»

«በምን?»

«በኢሜይል ነዋ፣ ሲሠራ። እስከዚያው ደጄን ጥረግልኝ። በአካፋ።»

አርቪድ አካፋውን ሊያመጣ ገባ።