ደረሰኝ የማይሰጠው ማጣሪያ

አለቃ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቀራቸው ሥልጣን አንድ ብቻ ነበር፤ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኞች የሚወያዩበትን የኢሜይል ቡድን ማስተዳደር። እሱንም ቢሆን እንደ ቤተ መንግሥት ነበር የሚጠብቁት።

አይፈለጌ መልእክት አስመርሯቸዋል፤ እውነት ለመናገር ማንን ያላስመረረ አለ? ጠዋት ስለ ፓምፕ ሊያነቡ ሲከፍቱ፣ በራ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት ማስታወቂያ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ማጣሪያ ሠሩ። ምን ዓይነት ማጣሪያ መሰላችሁ! «እባካችሁ»፣ «እርዱኝ»፣ «በአስቸኳይ» የሚል ያለበት ደብዳቤ ሁሉ ለማንም ሳይታይ፣ ለላኪውም ሳይነገረው ድራሹ ይጠፋል። ጨዋ ሰው ችግር አይገጥመውም ማለት ነው።

አብራቸው ቡድኑን የምታስተዳድረው ቴክኒሻን ነገሩ አላማራትም። የተጠረጠረው ይቆይና ሰው ይየው፣ ቢያንስ ላኪው እንዳልደረሰለት ይወቅ ብላ ለመነቻቸው። አለቃ ሳቁባት።

«ለሌባ ደረሰኝ ይሰጣል እንዴ፣ ልጄ?» አሏት። እሳቸው ራሳቸው ቢልኩ እንኳ ሕጉ እንደማይምራቸው በኩራት ነገሯት።

ከዚያማ ቡድኑ ጸጥ አለ። ጥያቄ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። አለቃ ሙያው በሰለ ብለው ደስ አላቸው። ቅባቱ ግን አልቀረም፤ ነጋዴው መቼም ኩሩ ነው፣ «እባካችሁ» አይልም።

ታዲያ አንድ ቀን ልጃቸው ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። ሆስፒታል ሲደርሱ የጨቅላ ማሞቂያው ሣጥን ጨርቅ ለብሶ ጥግ ቆሟል። መዳፍ የማይሞላው የልጅ ልጃቸው እንዲሞቀው እናቱ ደረት ላይ ተለጥፏል። እናትየው ግን በጣም ደክማለች፣ ነርሷም ይህ ቢያቆይ እስከ ማታ ነው ብላለች።

አለቃ የሆስፒታሉን ጠጋኝ አስጠሩት። የሣጥኑ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ተበላሽቷል፤ መለዋወጫ ፍለጋ ለቡድኑ ደጋግሞ ቢጽፍም የመለሰለት የለም። አለቃ የቡድኑ አስተዳዳሪ መሆናቸውን ግን አላወቀም።

«ትልልቆቹ ባለሙያዎች ንቀውን ነው መሰለኝ፣ አባቴ» አላቸው።

አለቃ ስልካቸውን አውጥተው ለቡድኑ ጻፉ፤ እባካችሁ፣ እርዱኝ፣ በአስቸኳይ። ልከው ጠበቁ። ስልኩ ጭጭ። ጠጋኙ፣ አይዞዎት፣ ልማዳቸው ነው ብሎ አጽናናቸው። ደብዳቤያቸው የት እንደገባ ትዝ ያላቸው ያኔ ነው። አፈሩ፤ ማፈር ብቻም አይደለም፣ ራሳቸውን ጠሉ።

ለዚያችው ቴክኒሻን ደወሉላት። ሽቦው እሷ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ ሞልቷል፤ ማን ጠይቋት! ሳይመሽ ራሷ ይዛ መጥታ ገጠመችው። ሣጥኑ ሞቀ፣ ሕፃኑም ገባ። አለቃ መሬት መሬት ሲያዩ፣ እጇን እየጠረገች ጠጋ አለቻቸው።

«ዕቃው ደርሷል፣ አለቃ» አለች ቀስ ብላ። «ደረሰኝ ልስጥዎት?»