ያልለቀቀው እጅ

አሰልጣኙ ዛሬም ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ለቀስተኛው ገና ከየሥራው ሳይወጣ፣ ከጎረቤት የተዋሷቸው ወንበሮች ባዶ ሳሉ፣ ሳሎኑን አቋርጦ እንደ ትናንቱ ከሟቹ ትንሽ ወንድም ጎን ተቀመጠ። እጁን አንስቶ የልጁ ማጅራት ላይ አሳረፈ።

እህትየው የሻይ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ያንን እጅ ነው። ጣቶቹ አጫጭርና ወፋፍራም ናቸው። የሚያጽናና ሰው እጅ አይመስልም፤ በግ ሊገዛ መጥቶ የሚዳስስ ሰው እጅ ይመስላል።

«ሻይ ይጠጣሉ?» አለችው።

«አትድከሚ እህቴ። እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም።»

ትንሹ ቀና አላለም። ወንድሙ ከተቀበረ ጀምሮ ዓይኗን አይቶ አያውቅም። ቤት ውስጥ «ትንሹ» ይባል እንጂ ትከሻው በር የሚሞላ ጎረምሳ ነው። እሱም እንደ ሟቹ ተፋላሚ ነው፤ በዚሁ አሰልጣኝ እጅ ያደገ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ ሞላ። የሰፈሩ ሴቶች በአንድ ወገን፣ አሰልጣኙ የሚያሠለጥናቸው የጂሙ ልጆች በሌላው ወገን ተቀመጡ። የጂሙ ልጆች ጆሯቸው የተጨማደደ፣ አፍንጫቸው ወዲያና ወዲህ የዞረ ነው። በተነቃነቁ ቁጥር ወንበሮቹ ሲጢጥ ይላሉ።

«ቀስ በሉ እንጂ ልጆቼ፣ ወንበሩ የሰው ነው» አለች አክስታቸው። አንደኛው ግዙፍ ልጅ ደንግጦ ተነሣና ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያስቀምጠው አልቻለም።

ፊት ለፊት የምትኖረው ጎረቤት ወደ አክስትየው ጠጋ አለች።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ባለፈው ሰሞን አምፖሌን ቀየረልኝ» አለች በሹክሹክታ። «ቁመቱን ታውቂው የለ፣ ወንበር እንኳን አላስፈለገውም። አመስግኜ ሸኘሁት። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣና፣ 'አምፖልሽ ተቃጥሏል አሉ፣ ልቀይርልሽ?' አይለኝ መሰለሽ? ሊያስቀኝ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።»

አክስትየው በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እህትየው ሰምታለች። እንዳልሰማች ሆና ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ አለፈች።

ሟቹን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጉጠት በሚለው ስም ነው። የያዘውን አይለቅም ነበርና። ስሙን ያወጡለት ገና ተሸካሚ ሳለ የአውቶብስ መናኸሪያ ጓደኞቹ ናቸው። እናታቸው ስትሞት እህትየው ትምህርቷን አቋርጣ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ገባች። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ትተኩሳለች፤ እሱ የመንገደኛ ሻንጣ ይሸከማል፤ ትንሹ ይማራል። እንዲህ ነበር የሚኖሩት።

አንድ ቀን መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሰካራም የተሰበረ ጠርሙስ ይዞ ሰው ሲያባርር፣ ጉጠት ከኋላው ሄዶ አቀፈው። አልመታውም። ሰውየው እስኪደክመው ድረስ አቅፎት ቆየ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛው። ይህን ሁሉ አንድ መንገደኛ ቆሞ ሲያይ ነበር። መንገደኛው አሰልጣኙ ነው።

«እታለም» አላት ያን ዕለት ቤት እንደገባ። ታላቅ እህታቸውን ሁለቱም የሚጠሯት እንዲህ ነው። «ሰው ለማቀፍ ደመወዝ የሚከፍሉበት ሥራ አገኘሁ።»

ሥራው ቡጢውም፣ እርግጫውም፣ ትግሉም አንድ ላይ የሚፈቀድበት ፍልሚያ ነበር። ዙሪያውን በሽቦ በታጠረ መድረክ ላይ ሁለት ሰው ይገባል። የጂም ሰዎች «ሽቦ ገባ» ይላሉ። ጉጠት ሽቦ በገባ ቁጥር እየተጠጋ፣ እየተመታ፣ እየተመታም እየተጠጋ ሄዶ ይይዛል። ከያዘ አበቃ። ተጋጣሚው ወይ ምንጣፉን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ እጅ ይሰጣል፣ ወይ ራሱን ይስታል።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ወገቡ ላይ አሰረ። ስሙ በማይታወቅበት ከተማ ሳይቀር ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት። ሲመለስ ግን ፊቱ ያበጠ ነበር፤ እህትየው በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ትይዝለታለች።

«ያኛውን ብታዪው ለሱ ታዝኚ ነበር» ይላታል፣ በተሰነጠቀ ከንፈሩ እየሳቀ።

ሽቦ ውስጥ አይታው አታውቅም። ፍልሚያው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ እሷ ጓዳ ገብታ የሕዝቡን ጩኸት ብቻ ታዳምጣለች። ሲጮሁ ትፈራለች፤ ዝም ሲሉ ይብስባታል።

እየዋለ እያደረ ሌላ ነገር መጣ። የተናገረውን መልሶ ይናገራል። መብራት ዓይኔን ወጋኝ ብሎ መጋረጃ ይዘጋል። አንድ ቀን ከሥራ መውጫዋ ሰዓት ላይ ስልክ ደወለላት።

«እታለም፣ የልብስ ማጠቢያው በር ዛሬ ለምን ተዘጋ? ቆሜ እያንኳኳሁ ነው።»

በሩ ክፍት ነበር። እሷ ራሷ በሩ ላይ ቆማለች። ስታፈላልገው ከሆቴሉ ርቆ፣ የአንድ መድኃኒት ቤት የተቆለፈ በር ላይ ግንባሩን አስደግፎ አገኘችው። ለዓመታት ዓይኑን ጨፍኖ የሚመጣበት መንገድ ነው። ለአሰልጣኙ ስትነግረው ራሱ ወደሚያውቀው ሐኪም ወሰደውና፣ «ድካም ነው፣ ኪሎ ሲቀንስ ያጋጥማል» ብሏት ተመለሰ። በቀጣዩ ሳምንት ጉጠት ልምምድ ገባ። የመጨረሻውንም ፍልሚያ አሸነፈ። አሸንፎ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ጋደም አለ፤ ከዚያ አልተነሣም። የሆስፒታሉ ሐኪም ጭንቅላቱ ውስጥ ደም መፍሰሱን ነገራት። ቀጥሎም፣ «የዛሬ ብቻ አይደለም፣ ብዙ የቆየ ጉዳት አለ» አላት።

ሳሎኑ በአንዴ ጸጥ ሲል ከሐሳቧ ነቃች።

በሩ ላይ አንገቱን በሐኪም ማሰሪያ ያሰረ ረጅም ሰው ቆሟል። የጂሙ ልጆች አንድ ላይ ተነሡ። የጉጠት የመጨረሻ ተጋጣሚ ነው፤ በዚያ ምሽት የተሸነፈው ሰው።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ድምፁ ተሰባብሮ እንደ ትንፋሽ ነው የሚወጣው።

አሰልጣኙ እጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከትንሹ ማጅራት አነሣ። «መምጣትህ ደግ ነው። ቤተሰቡ ግን ደክሟል» አለና ፈጥኖ ወደ እሱ ሄደ። «እኔ ልሸኝህ።»

ሰውየው አላየውም። እህትየውን ነበር የሚያየው። «ውሃ ቢሰጡኝ?» አላት።

ወጥ ቤት ይዛው ገባች። ብርጭቆውን ተቀበለና ሳይጠጣው ያዘው።

«እታለም እርስዎ ነዎት?»

«እንደዚያ የሚጠሩኝ ወንድሞቼ ብቻ ናቸው። ማን ነገረህ?»

«እሱ ነው የነገረኝ። ሽቦው ውስጥ።» ምራቁን ለመዋጥ ታገለ። «በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ደወሉ ሲደወል እኔ ወደማርፍበት ማዕዘን መጣና የኔ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ የሚያላግጥብኝ መስሎት ሳቀ። እኔም ተናድጄ ነበር። ታናሽ ወንድሙ መጥቶ በእጁ እየመራ ወሰደው። ከዚያ ልጁ ፍልሚያውን ሊያስቆም ወደ ዳኛው ሲሄድ አሰልጣኙ ማጅራቱን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው። ከፊት ለፊት ስለነበርኩ በደንብ አይቻለሁ።»

እህትየው የምድጃውን ጠርዝ ያዘች። ያን ምሽት ጓዳ ውስጥ ሆና ያንን ሳቅ ሰምታዋለች። ሕዝቡ ሲስቅ ደህና ነው ማለት ነው ብላ እፎይ ያለችው ያኔ ነው።

«በሦስተኛው ዙር ያዘኝ። ክንዱ አንገቴ ላይ፣ አፉ ጆሮዬ ሥር ነበር። 'እታለም ከሥራ ገባች?' አለኝ። ሊያዘናጋኝ መሰለኝ። ደግሞ ጠየቀኝ። ለምኖ ነው የጠየቀኝ፣ እህቴ። እጆቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ እሱ ግን እዚያ አልነበረም። ምንጣፉን መትቼ እጅ ሰጠሁ፤ አልለቀቀኝም። ዳኛው ጎተተው፤ አልለቀቀኝም። ወንድሙ ዘሎ ገብቶ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሲለው ነው የለቀቀኝ።»

«ምን አለው?»

«አልሰማሁም። ያኔ ራሴን እየሳትኩ ነበር።»

ብርጭቆውን እንደ ሞላ አስቀመጠውና ወጣ።

ለቀስተኛው አንድ ሁለት እያለ ተበተነ። አክስትየው ስትሰናበታት ጉንጯን ከጉንጯ አስጠግታ፣ «ላልነግርሽ ነበር» አለች። «ታች መንገዱ ላይ ትልቅ የፍልሚያ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። የትንሹ ፎቶ ነው። ከሥሩ 'ትንሹ ጉጠት' ይላል። ምነው፣ ወንበሩ እንኳን ሳይመለስ?»

እህትየው አሰልጣኙን በረንዳው ላይ አገኘችው። የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል።

«ነገ አይምጡ» አለችው።

«ሐዘን ነው የሚያናግርሽ። አልቀየምሽም።»

«በርጩማ ተሳስቶ ሲቀመጥ አይተውታል። አይተው መልሰው አስገቡት።»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ፊቱም አልተለወጠም። «ያ የተሸነፈ ሰው ነው። የተሸነፈ ሰው ብዙ ያወራል። ደግሞ አስቢበት፤ ማዕዘኑ ላይ ብቻዬን አልነበርኩም። እኔን ከጠየቁ ትንሹንም ይጠይቃሉ። እሱ ይህን ያውቃል፣ ተነጋግረናል። ወንድሙ የጀመረውን ሊጨርስለት ቃል ገብቶልኛል። ዛሬ የልምምድ ካምፕ ይገባል።» ደረጃውን ወረደ። «ልብሱን ይያዝ፤ መኪና ውስጥ እጠብቀዋለሁ።»

የዕለት ተዕለት መምጣቱ ለምን እንደነበረ፣ እጁም ከዚያ ማጅራት ለምን እንደማይነሣ ያኔ ገባት።

ስትገባ ትንሹ መተላለፊያው ላይ ቆሟል። ጃኬቱን ለብሷል፣ ጫማውን አጥልቋል፣ የልምምድ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው። ውጭ የመኪናው ሞተር ተነሣ።

«ሽቦው ውስጥ ጆሮው ላይ ምን አልከው?» አለችው።

ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ መለሰላት።

«'እታለም ገብታለች፣ እራት ቀርቧል፣ ና' አልኩት።»

«እሱስ?»

«'እሺ' አለኝ። ሰውየውን ለቀቀው። በእጄ ይዤው ወጣሁ። ልብስ መቀየሪያው ጋ ስንደርስ እራቱ እስኪሞቅ ጋደም ልበል አለ።» ቦርሳው ከትከሻው እየተንሸራተተ ክንዱ ላይ ወረደ። «እሷ አታውቅም፣ እንዳትነግራት አለኝ አሰልጣኙ። ካወራህ አንተም ትታሰራለህ፣ ጂሙም ይዘጋል፣ ልጆቹ ሁሉ ይበተናሉ አለኝ። ቃል አስገባኝ፣ እታለም። እዚሁ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ።»

«እኔ እዚህ ሻይ ሳቀርብለት?»

የመኪናው ጥሩምባ አንዴ ጮኸ፤ አጭር ነው። ትንሹ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ።

እህትየው ልታስቆመው አልጮኸችም፣ በሩንም አልዘጋችም። ከፊቱ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። የጫማውን ማሰሪያ ያዘችና መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ጠብቋል፤ አንሶላ በመተኮስ ብዛት የደነዘዙት የጣቶቿ ጫፎች ቶሎ አልታዘዙላትም። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ፤ ይኼኛው ረዘም አለ። እሷ ቀና ሳትል ቋጠሮውን በጥፍሯ ቧጨረችው። ላላ። ማሰሪያውን ከየቀዳዳው እየሳበች አወጣችና እጇን ተረከዙ ሥር አስገብታ ጠበቀች።

ትንሹ ከላይ ሆኖ አናቷን ሲያይ ቆየ። ቦርሳው ከክንዱ ወለሉ ላይ ወደቀ። በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን አነሣላት።

ጫማውን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ውጭ ጥሩምባው ሳያቋርጥ ይጮኻል። ትንሹ ሌላኛውን እግሩን አስጠጋላት።