የአርዲሊያ ሜዳ

ከንቲባው አዲሱን የሩጫ ሜዳ በአርዲሊያ ስም ሰየመው። አርዲሊያ አገራችንን አሜሪካን ወክላ ባሕር ማዶ የሮጠች የመጀመሪያዋ የሰፈራችን ሴት ናት። የተለማመደችው ግን ከጥጥ መዳመጫው ጀርባ ባለው አሸዋማ መንገድ ላይ ነበር፤ የነጮቹ ትምህርት ቤት ሜዳ ለእኛ ለጥቁሮች ዝግ ነውና። ስለዚህ ስሟ በሰፊ ጨርቅ ተጽፎ አዲሱ በር ላይ ሲሰቀል፣ ሜዳው የሁላችንም መሰለን። ፀጉር አስተካካዩ ኦዜል በየቤቱ እየዞረ፣ «ልጆቹን አጣጥባችሁ አምጡ፤ ዛሬ ይሮጣሉ!» አለ።

ልጆቹ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ተሰለፉ። ፖሊሱ እጁን ዘረጋ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሜዳችን» አለ ኦዜል።

«የማን ሜዳ? የእናንተ ቦታ ከአጥሩ ውጭ ነው። እዚያ ሆናችሁ አጨብጭቡ።»

ከእኛ መካከል እንዲገቡ የተፈቀደላቸው አርዲሊያና እናቷ ኮሪን ብቻ ነበሩ። ኮሪን የከንቲባው ቤት ልብስ አጣቢ ናት። ከንቲባው ሪባኑን እንድትቆርጥ ለአርዲሊያ መቀስ ሰጣት። እሷ ግን ወደ አጥሩ ታይ ነበር።

«ልጆቹ ለምን ውጭ ቀሩ?»

«አርዲሊያ፣ ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው» አለ እየሳቀ።

«መቼ ነው የሚገቡት?»

«ለእነሱም አንድ ቀን እናስብላቸዋለን። ቁረጪ በይ፣ ፎቶ አንሺው እየጠበቀሽ ነው።»

ኮሪን የልጇን ክንድ ቆነጠጠች። «አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ቁረጪ! ሰኞ የምገባው እኚሁ ሰውዬ ቤት ነው።»

«አልቆርጥም፣ እማዬ! ነገ ልጅ ብወልድ በገዛ ስሜ ከሚጠራው ሜዳ በዱላ ሊያባርሩት ነው። ይህን ነው አጨብጭቡ የሚሉን?»

ከእንግዶቹ ወንበሮች አንዱን እየጎተተች ወደ በሩ ሄደች። ፖሊሱ «ውረጂ!» እያለ ሲጮኽባት ወንበሩ ላይ ቆማ ስሟ የተጻፈበትን ጨርቅ መቁረጥ ጀመረች። በንዴት ስለቸኮለች ጨርቁ ተጣሞ ይቆረጥ ነበር።

ኦዜል ከውጭ ጮኸ፦ «ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ እንጂ! እንዲህ አበላሽቼ ብቆርጥ ደንበኛ የሚቀርልኝ ይመስልሻል?»

እኛ ስንስቅ የከንቲባው ፊት ቀላ።

«ሜዳውን ውሰዱት» አለች አርዲሊያ ጨርቁን በብብቷ ይዛ ስትወርድ። «ስሜን ግን አልሰጣችሁም።»

ከንቲባው እሷን ትቶ ወደ እናቷ ዞረ። «ኮሪን፣ ሰኞ እንዳትመጪ።»

ኮሪን እኛ ሁላችን እየሰማን፣ «ሸሚዞችዎ ገመድ ላይ ናቸው» አለችው። «ሰማዩ ጠቁሯል። ሮጥ ብለው ራስዎ ያስገቧቸው።»

የልጇን እጅ ይዛ ከበሩ ወጣች። እስከ ቤት ድረስ ግን አንዲት ቃል አላናገረቻትም።