ሬንዊክ ያመነባት ደቂቃ

ሊዮ ኮስማላና ኤልመር ሬንዊክ በቺካጎ በሁለት ተፎካካሪ ጋዜጦች ላይ ስለ ፊልም ይጽፉ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ እኔ በማዘጋጀው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንድ ደንብ ነበረን፤ ቀረጻ ሳይጀመር ስለ ፊልሙ አንዲት ቃል አይነጋገሩም። ፊልሙን ሲያዩ እንኳ ኮስማላ ከፊት፣ ሬንዊክ ከመጨረሻው ረድፍ ነው የሚቀመጡት። ክርክራቸው ትኩስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ስለሆነ አንዱን ክርክር ሁለት ጊዜ ቀርጸን አናውቅም።

በአራት ዓመት ውስጥ ሬንዊክ አንድም ቀን «ልክ ነህ» ብሎት አያውቅም። ኮስማላን ይህ ይከነክነው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳንድዊቹን አስቀምጦ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ይበለኝና በማግስቱ ሥራ ብለቅ አይቆጨኝም» አለኝ። የቀለደ አልመሰለኝም።

የዚያ ሳምንት ፊልም በአንዲት የልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት ላይ የተሠራ ነበር። ሐሙስ ቀረጻው ተጀመረ።

«አሥር ደቂቃ ሙሉ አንሶላ ታጥፋለች» አለ ሬንዊክ። «ይህንንማ እናቴ ቤት በነጻ አየው የለ?»

«ተኝተህ ነበር እኮ። ማንኮራፋትህ ፊት ድረስ ይሰማል።»

«የአንተ ራስ ግማሹን ስክሪን ሲሸፍን ምን ላድርግ?»

ኮስማላ አልሳቀም። «መጀመሪያ ላይ ከባሏ ጋር ነው የምታጥፈው፤ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እሷ ሌላውን። መጨረሻ ላይ ባሏ ሞቷል። አንዱን ጫፍ በአገጯ ይዛ ብቻዋን ታጥፋለች። አገጯን አላየህም፣ ኤልመር?»

ሬንዊክ ዝም አለ። ዝም ሲል አይተነው ስለማናውቅ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ተነስተን መስታወቱ ላይ ተለጠፍን። የቀረጻውን ቴፕ የምትከታተለው ዶሪንም ማሽኗን ትታ መጣች።

«አላየሁም» አለ። «ልክ ነህ። ተሳስቻለሁ።»

ወደ ቦታችን ስንመለስ ቴፑ አልቆ ባዶው ጥቅል ይሽከረከራል። ዶሪን ሰዓቱን አየችና ራሷን ያዘች። ካለቀ ሦስት ደቂቃ ሆኖታል።

ወርጄ ነገርኳቸው። የኮስማላ ፊት አመድ መሰለ።

«የትኛው ነው የጠፋው?»

«መጨረሻው።»

«መጨረሻው!»

ሬንዊክ በሳቅ ፈነዳ። «ማስረጃ ከሌለህ ከሳሽ መሆንህን ተው።»

ፕሮግራሙ እሑድ የሚተላለፍ በመሆኑ ለአንድ ቀን ደንቡን አፍርሰው ክርክሩን እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው። ሬንዊክ እሺ አለ፤ ግን፣ «ያልኩትን አልደግምም» አለ። «ያን ጊዜ የተናገርኩት በዚያች ቅጽበት ስለገባኝ ነው። አሁን ብደግመው ትወና ነው። እኔ ደግሞ ተዋናይ አይደለሁም።» እውነቱን ስለነበር አዲስ ቴፕ አስገጥሜ ቀረጻውን አስጀመርኩ።

ሁለተኛው ቀረጻ በድን ነበር። ኮስማላ ስለ አገጯ ሲናገር ትምህርቱን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ መሰለ፤ ሬንዊክም ጥፍሩን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ድንገት ኮስማላ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

«ስማ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ልክ ነህ ብለኸኛል!»

ቀረጻውን ላስቆም እጄን ሳነሳ ዶሪን ያዘችኝ። «ተዋቸው» አለች።

«ቴፑ ላይ የለም» አለ ሬንዊክ።

«ጆሮዬ ላይ አለ!»

«የአንተ ጆሮ ለራስህ ያደላል።»

«ብለሃል ወይስ አላልክም? ዓይኔን እያየህ ተናገር።»

«ብያለሁ፣ በቃ! ስለ አገጯ ልክ ነህ ብያለሁ፤ ልክም ነህ! ጥርስህ እስኪታይ የምትደሰትብኝ ባትሆን ኖሮ ቀደም ብዬ እደግመው ነበር። ስለሌሎቹ ፊልሞች ግን አንዲት ቃሌንም አላጥፍም!»

«ስለሌሎቹ ማን ጠየቀህ?» አለ ኮስማላ ዝቅ ባለ ድምፅ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ዶሪን ወደ ቴፑ ጠቆመችኝ። እየዞረ ነው፤ ገና ብዙ ቀርቶታል። እሑድ ዕለት ምንም ሳንቆርጥ አስተላለፍነው።

ኮስማላ ሥራውን አልለቀቀም። በሚቀጥለው ሐሙስ ሬንዊክ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መቆጣጠሪያ ክፍል ገባና ጎንበስ ብሎ ቴፑን አየ።

«ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው» አለች ዶሪን።

«ጎሽ፤ ዛሬ የሚሳሳተው እሱ ነው» አለና ወደ ወንበሩ ሄደ።