ወር 13 የሚባል የለም

አሥራ አንድ መስመሮች ቀልተዋል። እጸገነት መነጽሯን አውልቃ ጠራረገችና መልሳ አደረገችው፤ ቅላታቸው ያው ነው። «ወር 13 የሚባል የለም። መረጃው ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል ጽሑፉ አያልፍም» ይላል ኮምፒውተሩ።

ለሕክምና መጽሔቱ የሚላኩ ጥናቶችን አስቀድሞ የሚመረምረው ይህ ፕሮግራም እሷ ወደምትሠራበት የካዛንቺስ ቢሮ ከገባ ገና አራት ወሩ ነው። የተኮረጀውን ያጋልጣል፣ የተዛባ ቁጥር ይይዛል፤ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ግን ምን ያድርግ፣ ጳጉሜን የሚያውቅ ሰው አልሠራው! የጥናቱ ባለቤት ዶክተር ካሳይ ደግሞ፣ በተወለዱ በሳምንት ውስጥ የሞቱትን ሕፃናት ቀን ከሆስፒታል መዝገብ ላይ እንዳለ በሐበሻ አቆጣጠር ገልብጠውታል።

ልትደውልላቸው ስልኩን ስታነሳ ዓይኗ አንዱ ቀይ መስመር ላይ ቀረ። ጳጉሜ 3፣ 2009። ሴት። ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ። የእናት ዕድሜ ሃያ ስድስት፤ የመጀመሪያ ልጅ። የተወለደችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ የሞተችው ስምንት ሰዓት።

ስም አልተጻፈም። ለእጸገነት ግን ስም ምን ያደርግላታል? የሩፋኤል ዕለት ነበር። ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ውጭ ሲራጭ በዋለበት፣ ማኅፀን ይፈታል የሚባለው መልአክ በሚነግሥበት ቀን፣ እሷ ባዶ እጇን ከሆስፒታል ወጣች። ልጅቷ ለክርስትና አልደረሰች፤ ፎቶ የላት። ያረገዘችበት ቤት እንኳ ከነሰፈሩ ፈርሶ፣ ዛሬ ከመስኮቱ ማዶ የሚታየው የቆርቆሮ አጥር ነው። በዚህ ዓለም ላይ የቀረቻት ይቺ መስመር ናት።

«አሥራ አንድ ብቻ?» አሉ ዶክተር ካሳይ በስልክ። «በቃ አውጪያቸው፣ የኔ ልጅ። ከአራት መቶ ውስጥ አሥራ አንድ ቢጎድል ውጤቱ ንቅንቅ አይልም። ማስገቢያው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ!»

«አይሆንም፣ ዶክተር።» ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮክ አለ። «ሞተዋል እኮ! ይቆጠሩ እንጂ። ይፍቀዱልኝና ቀኖቹን በሙሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ልቀይራቸው።»

«አራት መቶውንም? እንግዲህ ከቻልሽ…»

ምሳ አልወጣችም። ቀን በቀን፣ መስመር በመስመር ለወጠች። የራሷን መጨረሻ ላይ አስቀረቻት፤ ፈርታ ነው። ሴፕቴምበር 8፣ 2017 ብላ ከጻፈች በኋላ፣ እንዳልተሳሳተች ለማየት ሰንጠረዡን እስከ ዳር ገፋችው። እስካሁን ከስክሪኑ ውጭ የነበረው የመጨረሻው ዓምድ ብቅ አለ። «በሕክምና ሊተርፍ ይችል ነበር?» ይላል ርዕሱ። በልጇ መስመር ላይ፦ «አዎ። ኦክስጅን በወቅቱ አልተሰጠም።»

ያን ቀን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ትከሻዋን እየደባበሰ፣ «ከእግዜር ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር» ብሏት ነበር። አመነችው። ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ያነሳሁት ጀሪካን ይሆን፣ ያ የወደቅኩበት ደረጃ ይሆን እያለች ስትወቅስ የኖረችው ራሷን ነው። አሁን እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ጎረቤት ጠረጴዛ እንዳይሰማ አለቀሰች።

ስትረጋጋ ፋይሉን መልሳ ለምርመራ ላከችው። ቀዩ ሁሉ ጠፋ። በአረንጓዴ ጽሑፍ «ምንም ችግር አልተገኘም» የሚል መጣ።

ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እህስ፣ አለፈ ወይ?» አሉ ዶክተር ካሳይ።

«አለፈች» አለቻቸው።